የተረጋገጠ ዜና

ዘሩባቤል ሻማዋን በስክሪኑ ላይ ትንሽ ወደ ጎን ገፋት፤ የሌንጂሳን ጆሮ ሸፍናበት ነበር። ከዚያ ፎቶውን ጥቁርና ነጭ አደረገው። ከሥሩ የተወለደበትን ዓመት ጻፈ፣ ሰረዝ አደረገ፣ የዘንድሮን ዓመት ጨመረ። እንባው ኪቦርዱ ላይ ይንጠባጠባል፤ እጁ ግን አልቆመም። ሰው መቼም ጉድ ነው፤ እያለቀሰም ይቸኩላል።

ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም። የቤቱ ባለቤት ወይዘሮ ፈትለወርቅ ቀለም ልትገዛ ወጥታለች። የሠርግ ጥሪ የሚያትመው ማሽን ብቻ ከኋላው ያጉረመርማል። ሮዳስ ከአዲስ አበባ ከደወለችለት ገና ሩብ ሰዓት አልሞላም። ሮዳስ የሌንጂሳን መጻሕፍት በሚያሳትመው ድርጅት ውስጥ ትሠራለች።

«ሌንጂሳ አረፈ፣ ዘሩ። ዛሬ ጠዋት። ጉበቱ ነው፤ ሐኪሞቹ አልቻሉም» አለችው። ከዚያ በላይ መናገር አቅቷት ዘጋችው።

እሱም መልሶ አልደወለም። ለማን ተነገረ፣ ለማን አልተነገረም ብሎ አልጠየቀም። «የተረጋገጠ» የምትለዋን ቀይ ማኅተሙን ፎቶው ጥግ ላይ አሳረፈና ቻናሉ ላይ ለጠፈው።

ቻናሉ «ሣጥን በሣጥን» ይባላል። ኮሚክ፣ ያ በሥዕል የሚተረከው መጽሐፍ፣ ለሚወዱ ሰዎች ብሎ ቴሌግራም ላይ የከፈተው ነው። ቅዳሜ የትኛው አዲስ ቁጥር ይወጣል፣ የትኛው አሳታሚ ወረቀት ተወደደ ብሎ ቀለሙን ሊተው ነው፣ የትኛው ሠዓሊ ከደራሲው ጋር ተጣልቶ ሥራውን አቋረጠ፣ ሁሉም እዚያ አለ። ሰውዬው አምቦ ተቀምጦ የአዲስ አበባዎቹን ይቀድማቸዋል። ሌሎቹ ወሬ ይለጥፉና በማግስቱ ድምፃቸውን አጥፍተው ያነሡታል። እሱ ግን ማኅተሙን ያሳረፈበትን ዜና አንስቶ አያውቅም። ኑሮው ከዚህ ማሽን ጀርባ ነው፤ ደመወዙም የሚወራለት አይደለም። በዓለም ላይ የሚኮራበት ነገር ቢኖር ይቺው ማኅተም ናት።

ነገሩ ሁሉ የተጀመረው በሌንጂሳ ነበር። ሌንጂሳ የእጃጂ ልጅ ነው፤ ለትምህርት አምቦ አጎቱ ዘንድ መጥቶ ከዘሩባቤል ጋር አንድ ወንበር ተጋሩ። ያኔ በሒሳብ ደብተሩ ጀርባ የሚስላት ከወንዝ ጋር የምታወራ ልጅ አድጋ «ቢሻን»፣ ማለትም «ውኃ»፣ የሚባል ኮሚክ ሆነች። ሦስት ቁጥር ታትሟል፤ አራተኛው የፊታችን ቅዳሜ ሊወጣ ነው። ሌንጂሳ አንድ ነገር አይረሳም ነበር፤ በእያንዳንዱ ቁጥር ውስጥ እናቱን አዴ ጉዴን የሆነ ቦታ ይደብቃቸዋል። አንዴ ገበያ ላይ ሽንኩርት ሲሸጡ፣ አንዴ ከአውቶቡስ መስኮት ሲያዩ። አዲስ ቁጥር በወጣ ቁጥር የቻናሉ አባላት «እናቲቱን ፈልጉ» እያሉ ይወዳደራሉ።

ስልኩ አሁን መንቀጥቀጥ ጀመረ። «ውሸት በሉኝ!» ይላል አንዱ። «ማኅተሙን አታይም? ዘሩ ካለ አለቀ» ይላል ሌላው። ይህችን ሲያነብ፣ እውነቱን እንናገር፣ በዚያ ሁሉ ኀዘን መሐል ደረቱ ትንሽ ሞቅ አለው። ወዲያው አፈረ።

በሩ ላይ ጥላ አጠላ። የሌንጂሳ አጎት ኦቦ ሙለታ ነበሩ፤ ጡረታ የወጡ መምህር፣ ጋቢያቸውን ዘቅዝቀው ለብሰዋል።

«ኦቦ ሙለታ! እግዚአብሔር ያጽናዎ…»

«ቀስ በል! ድምፅህን ቀንስ።» ገብተው በሩን ገርበብ አደረጉት። «ማል ጎቴ? ምን አደረግህ አንተ ልጅ?»

«ምን አጠፋሁ?»

«እናቱ አልተረዳችም!»

ዘሩባቤል ወደ ስክሪኑ ዞሮ አየ።

«ደም ግፊት እንዳለባት ታውቃለህ። እዚያ ቤት ብቻዋን ናት» አሉ ኦቦ ሙለታ። «ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሚኒባስ ተይዟል፤ ሲመሽ በዚያ መንገድ የሚነዳ ስለሌለ በጊዜ እንወጣለን። እጃጂ ስንደርስ ሳታየን ዘመድ ቤት ገብተን እናድራለን። እሷ እህል ቀምሳ፣ ተኝታ ትደር። ነገ ጎሕ ሲቀድ ሰው ከቦ ያረዳታል። አስከሬኑም ጠዋት ይደርሳል። እንዲህ ነበር የተመካከርነው። የጎረቤት ልጅ ስልኩን ይዞ ሲያለቅስ ባገኘሁት ጊዜ እኔ ራሴ ልወድቅ ነበር።»

ዘሩባቤል ይህን የማያውቅ ሆኖ አይደለም። የገዛ አባቱ የሞቱ ጊዜ እናቱን ያረዷት በንጋት፣ ሽማግሌ ፊት ቀድሞ፣ ሴቶቹ ከኋላ ደግፈው ነበር። እንኳን እሱ የአምቦ ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። ስልኩን ሲይዝ ግን የዚህ አገር ሰው መሆኑን ይረሳል፤ ችግሩ ይኸው ነው።

ዜናውን አጠፋው። «ይኸው፣ ጠፍቷል።»

ወዲያው መልእክት ገባ። ከእጃጂ ነው፤ ሲንቄ የምትባል የቻናሉ አባል፣ የአዴ ጉዴ ጎረቤት። ለኦቦ ሙለታ ጮክ ብሎ አነበበላቸው። «ዘሩ፣ ዜናው እዚህ ሁሉም ስልክ ላይ አለ። ፎቶ አንስተው አስቀርተውታል። ልጆቹ እያለቀሱ ነው። አዴ ጉዴ ምን ሆናችሁ እያሉ ከቤት ቤት ይዞራሉ። ምን ልበላቸው?»

«በል ጻፍ» አሉ ኦቦ ሙለታ። «ተሳስቻለሁ በል። ታሟል እንጂ በሕይወት አለ በል። ያንን ቀይ ነገርህንም አድርግበት፤ ያለዚያ አያምኑህም።»

«ኦቦ፣ አጥፍቼዋለሁኮ…»

«ከእነሱ ስልክ አልጠፋም።»

«በዚህ ቻናል ውሸት ጽፌ አላውቅም። ስድስት ሺህ ሰው ነው የሚያነበው። ነገ ምን ብዬ…»

ኧረ ተው፣ ዘሩባቤል! ሰው ሞቶ ስለ ማኅተም ይከራከራል። ኦቦ ሙለታ ግን አልተቆጡም። ቢቆጡት ይሻለው ነበር።

«ሌንጂሳን ያሳደግሁት በቤቴ ነው፤ አንተም እዚያ ቤት በልተሃል» አሉ ቀስ ብለው። «ዘጠኝ ሰዓት መናኸሪያ ነን። እስከዚያ አስብበት።» በሩን እንደገና ገርበብ አድርገው ሄዱ።

ሳይቆይ ስልኩ ጠራ። የሲንቄ ቁጥር ነው። አንስቶ «ሲንቄ፣ ስሚኝ…» ሲል ሌላ ድምፅ አቋረጠው።

«ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ ዘሩባቤል ነህ?»

አዴ ጉዴ ነበሩ።

«አዎ አዴ… እንደምን ዋሉ?»

«ደህና ነኝ። ልጆቹ ሁሉ ያለቅሳሉ፤ ስጠይቃቸው ይሸሹኛል። ሲንቄን ያዝኳትና ለዘሩባቤል ደውዪልኝ አልኳት። የመጽሐፉን ወሬ ከአንተ ቀድሞ የሚያወራ የለም፤ ሌንጂሳ ሁልጊዜ እየሳቀብህ ይነግረኛል። ልጄ እንዴት ነው?»

ማሽኑ ከኋላው የሰው ሠርግ ያትማል።

«ደህና ነው» አለ። «ሐኪሞቹ አስተኝተውት ነው፤ ስልክ አያነሣም እንጂ ደህና ነው። እኔ ነኝ ተሳስቼ ልጆቹን ያስደነገጥኳቸው።»

«እሰይ፣ ተመስገን።» አሉ አዴ ጉዴ። «አዲሱ መጽሐፍስ ደረሰ?»

ጠረጴዛው ላይ ሮዳስ ትናንት በአውቶቡስ የላከችው ጥቅል እንደ ታሸገ ተቀምጧል። ለወራት ሲጠብቀው የነበረው «ቢሻን» ቁጥር አራት ነው፤ ከሁሉ ቀድሞ ሊያስተዋውቀው አቅዶ ነበር። «ደርሷል» አለ።

«አለሁበት?»

ፕላስተሩን በጥርሱ ቀደደው። ስልኩን በትከሻው ይዞ ገጾቹን ገለጠ። ገበያው ላይ የሉም፤ ድልድዩ ላይም የሉም። የመጨረሻው ገጽ ላይ አንድ ትልቅ የሥዕል ሣጥን ብቻ አለ፤ እዚያ አገኛቸው። በዚህ ቁጥር ሌንጂሳ እናቱን አልደበቃቸውም።

«አሉ፣ አዴ። መጨረሻው ላይ።»

«ምን አደርጋለሁ?»

«በር ላይ ቆመዋል። መንገዱን ያያሉ።»

«ማን ይመጣል?»

ሥዕሉ ላይ ያለው መንገድ ባዶ ነው። ዘሩባቤል እንባው መጣ፤ ድምፁ እንዳይሰበር ብሎ ያገኘውን ተናገረ። «ለእርስዎ አንድ አስቀምጫለሁ። ነገ ጠዋት ይዤልዎ እመጣለሁ።»

ከአፉ ካመለጠ በኋላ ነው የገባው። ከዚህ በፊት መጽሐፉን በሾፌር ነበር የሚልክላቸው፤ እሱ አንድም ቀን እጃጂ ሄዶ አያውቅም። ሳይጠሩት በጠዋት ሰው ቤት የሚመጣ እንግዳ ምን ይዞ እንደሚመጣ ደግሞ የማያውቅ የለም።

ከወዲያ በኩል ዶሮ ሲንጫጫ ይሰማል።

«ነገ ጠዋት» አሉ። ድምፃቸው ዝቅ ብሏል። «ብቻህን ነህ?»

ዘሩባቤል መጽሐፉን ዘጋው።

«ሙለታም ይመጣል?»

«አዴ ጉዴ፣ እኔ…»

«ተው። አትናገር።» ትንፋሻቸው ይሰማዋል፤ ረጅም መንገድ እንደሄደ ሰው ይተነፍሳሉ። «ነገ ኑ። ዛሬ ደህና ነው ብለኸኛል አይደል? ዛሬ ደህና ነው። ለልጆቹም እንዲሁ ንገርልኝ፤ ደጄ ላይ አያልቅሱብኝ። ያችን ለቅሶ ነገ አለቅሳታለሁ። ዛሬን ብቻ ተዉልኝ።»

ስልኩ ተዘጋ።

ዘሩባቤል ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ከዚያ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ። «ቀደም ሲል ስለ ሌንጂሳ የለጠፍነው ስሕተት ነው። ሠዓሊው በሕክምና ላይ ነው፤ ደህና ነው። ይቅርታ እንጠይቃለን» ብሎ ጻፈ። ቀይዋን ማኅተም አሳረፈበትና ለቀቀው።

ቻናሉ በእልልታ ተናጋ። ከአዲስ ዓለም ምኞት የምትባል ልጅ «ሥራ ቦታ ሆኜ ጮህኩ! ተመስገን! ቅዳሜ ሁለት ነው የምገዛው» ብላ ጻፈች። ሰዉ ልብ ይልካል፣ አበባ ይልካል። ዘሩባቤል እያንዳንዷን አነበበ። ሲንቄ ደግሞ «እዚህ ጸጥ ብሏል። አንተ ካልክ ብለው ሁሉም አመኑ። አዴ ጉዴ ቤታቸው ገብተዋል» ብላ ላከች።

አንድ መጽሐፍ ጃኬቱ ውስጥ ከተተ። ወይዘሮ ፈትለወርቅ ስትመለስ «ለቅሶ አለብኝ» ብቻ ብሏት ወጣ።

መናኸሪያው በር ላይ ሚኒባሱ ሞተሩን አስነሥቷል። ውስጡ ጋቢና ነጠላ የለበሱ ዘመዶች ዝም ብለው ተቀምጠዋል። ኦቦ ሙለታ መስኮቱን ከፈቱ።

«ጻፍክ?»

«ጻፍኩ። ቦታ አለ?»

«ለምን? መርዶ የሽማግሌ ሥራ ነው።»

«ደህና ነው ያልኳቸው እኔ ነኝ፣ ኦቦ። ስታረዷቸው እኔም ልቁም።»

ኦቦ ሙለታ አዩት፤ አዩትና ወደ ውስጥ ጠጋ አሉለት።

ጉደርን ሳያልፉ ነገሩ ፈነዳ። አንድ የአዲስ አበባ ቻናል አሳታሚውን ጠይቆ የሌንጂሳን ሞት አረጋግጦ አወጣ፤ ከሥሩም የዘሩባቤልን ይቅርታ ከነማኅተሙ ለጠፈበት። ስድቡ እንደ በረዶ ወረደ። «በሙት ትቀልዳለህ?» «ማኅተምህን ቀቅለህ ብላው!» ያቺ ምኞት «እንዴት እንዲህ ታደርገናለህ?» ብቻ ብላ ከቻናሉ ወጣች። ሮዳስም ጻፈች፤ «ምን ነካህ? እኔኮ አጠገቡ ነበርኩ።»

አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። «እናቱ ስላልተረዱ ነው» ቢል ግማሹ ይቅር ይለው ነበር፤ ገሚሱም ያመሰግነው ነበር። ጣቱ ከስክሪኑ ላይ ደርሶ ቆመ። የእጃጂ ልጆች የሚያምኑት አሁንም የእሱን ማኅተም ነው፤ ያቺ ዓረፍተ ነገር ደግሞ ከእሱ ቀድማ እጃጂ ትገባለች። ስልኩን ዘጋውና ኪሱ ውስጥ አስገባው።

መኪናው ዳገቱን እያቃሰተ ወጣ። ማንም አያወራም። ጌዶ ሲቃረቡ ኦቦ ሙለታ ወደ ጆሮው ጠጋ አሉ።

«ጉዴ ደውላልህ ነበር፤ ሲንቄ ነገረችኝ። ከድምፅህ ምንም አልጠረጠረችም?»

ዘሩባቤል ጃኬቱ ውስጥ ያለውን መጽሐፍ በእጁ ደገፍ አደረገው። ወሬ ይዞ ዝም ብሎ አያውቅም ነበር።

«አልጠረጠሩም፣ ኦቦ» አለ። «ደህና ነው ስላቸው አመኑኝ።»

«ተመስገን» አሉ ኦቦ ሙለታ ጋቢያቸውን እየተከናነቡ። «ዛሬን እንኳ ትተኛለች።»