የሊቀ ብዕር እድገት

የፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ሠራተኞች «ሊቀ ብዕር» ይሉታል። ግማሾቹ ለአድናቆት ነው፣ ግማሾቹ ለሹፈት፤ እሱ ግን ሁለቱንም ለአድናቆት ይቀበለዋል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የዳኞችን ውሳኔ ከረቂቅ ወደ ትልቁ መዝገብ ሲገለብጥ ኖሯል። ፊደሉ እንደ ዶቃ የተደረደረ ነው፤ ስርዝ ድልዝ አያውቅም። ምስጢሩን ሲጠይቁት ደረቱን ነፍቶ «አላነበውማ!» ይላል። «ያነበበ ይሳሳታል። እጄ ይገለብጣል፣ እኔ ሌላ ቦታ ነኝ።» ፍቺ በሉት ግድያ፣ የስንቱ ሰው ጉድ በዚያ እጅ በኩል አልፏል፤ አንዱም ግን ጭንቅላቱ ውስጥ አላደረም።

የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ጡረታ ሊወጣ ሲል፣ ወንበሩ ለሊቀ ብዕር መሆኑን ማንም አልተጠራጠረም። እንቅፋት የሆነው ደንቡ ነው፤ ኃላፊ የሚሆን ሰው የኮሌጅ የጽሑፍ ኮርስ ማለፍ አለበት። «እኔን! ጽሑፍ! ሊያስተምሩኝ!» እያለ አንድ ሳምንት ቢሮውን ሲያስቅ ከረመና፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ልጆቹ ሊሆኑ ከሚችሉ ሰዎች ጋር አግዳሚ ላይ ተደርድሮ መቀመጥ ጀመረ።

መምህርቷ ወጣት ናት፤ ድምጿን ሳታነሣ የምትቆጣ ዓይነት። በመጀመሪያው ቅዳሜ «የማልረሳው ቀን» በሚል ርዕስ አንድ ተኩል ገጽ በእጃቸው አስጻፈቻቸውና ሳታየው እዚያው ተወችላቸው።

«እናንተው ጋ ይቀመጥ» አለች። «መጨረሻ ላይ በዚሁ ርዕስ እንደገና ትጽፋላችሁ። ሁለቱን አያይዛችሁ፣ በመካከሉ ምን ያህል እንዳደጋችሁ በአንድ ገጽ ታስረዱኛላችሁ። ማርኩ ለእድገቱ ነው።»

ወራቱ አለፉ። መምህርቷ «ቀለል አድርጋችሁ ጻፉ» ባለች ቁጥር ሊቀ ብዕር ለዕድሜዋ እያዘነላት ራሱን ሲነቀንቅ ቆየ። የማስረከቢያው ጊዜ ሲደርስ ሁለቱን ጽሑፎቹን ጎን ለጎን ዘረጋ። በመጀመሪያው ላይ የማለዳዋ ጀምበር ወርቃማ ጨረሯን ትፈነጥቃለች። በመጨረሻውም ያችው ጀምበር፣ ከቦታዋ ንቅንቅ ሳትል፣ ያንኑ ጨረር ትፈነጥቃለች። ሌላ ሰው ቢሆን ይደነግጥ ነበር፤ እሱ ኮራ።

«ችግሬ ይገባሻል?» አላት አጠገቡ የምትቀመጠውን ነርስ። «እኔ ስመጣ አድጌ ነው የመጣሁት። ከየት አምጥቼ ልደግ?»

ነርሷ ሌሊቱን ተረኛ ሆና ነበር ያደረችው፤ ለማዘን አቅም አልነበራትም። «ታዲያ ጋሼ፣ የመጨረሻው ወደ ላይ አልሄድ ካለ የመጀመሪያውን ወደ ታች ያውርዱታ!» አለችው እያዛጋች።

ቀልዷን ነበር። እሱ ግን ቤቱ ሄዶ መጥፎ ጽሑፍ ለመጻፍ ተቀመጠ። እንቢ አለው። ሦስት ወረቀት ጨምድዶ ጣለ፤ ሦስቱም ላይ ጀምበር ወጥታለች። ሚስቱ ምሳ ቀረበ ስትለው «ይህችን ልጨርስ» አላት፤ ከተጋቡ ጀምሮ ለምንም ነገር የሚሰጣት መልስ ይኸው ነው። አራተኛውን ጨምድዶ ቀና ሲል ዓይኑ እሷው ላይ አረፈ። ልብስ ሰፊ ናት። ከደንበኞቿ ልኬት ሌላ አንዲት መስመር ስትጽፍ አይቷት አያውቅም።

«እስቲ የማትረሺውን ቀን አንድ ተኩል ገጽ ጻፊልኝ» አላት።

«እኔ? ለምን?»

«ለምሳሌ ነው። እንደመጣልሽ ጻፊው። ባያምር ነው የምፈልገው።»

«ማን ያነበዋል?»

«ማንም።»

አየችው፤ ቆይታ አየችው። ከዚያ ልብስ የምትቀድበትን ቡናማ ወረቀት ቆርጣ በእርሳስ መጻፍ ያዘች። ሁለት ቀን ፈጀባት። «ይኸው» ብላ ስትሰጠው እጇ ከወረቀቱ ቶሎ አልተላቀቀም።

እሑድ ከሰዓት፣ ሬዲዮው ኳስ እያስተላለፈ ገለበጠው። እጁ ጠረጴዛው ላይ፣ እሱ ሜዳው ላይ። ያየው ነገር ቢኖር ጉድለቱን ብቻ ነው፤ ጀምበር የለ፣ ጨረር የለ፣ ዓረፍተ ነገሩ ሁሉ ቁርጥ ቁርጥ ያለ።

«ጨረስከው?» አለችው ሚስቱ ከስፌት መኪናዋ ኋላ።

«ጨረስኩት።»

«እና?»

«ልክ እንደፈለግሁት ነው። ከዚህ የባሰ አይገኝም!»

ትንሽ ጠበቀች። ሬዲዮው ጎል ብሎ ጮኸ፤ እሱም አብሮ ጮኸ። እሷ ወደ ስፌቷ ተመለሰች። ሊቀ ብዕርም «በኮርሱ መባቻ ብዕሬ ድሃና ጨቅላ ነበረች፤ ዛሬ ግን አብባ አፍርታለች» የሚል አንድ ገጽ አክሎ አስረከበ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ መምህርቷ ወረቀቱን ይዛ ገባች። «የእርስዎን ለክፍሉ ላነበው ነው፤ ይፈቅዱልኛል?» ስትለው ክራቫቱን አስተካከለ። ጀምበሯን ጠበቀ።

«አባቴ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር» ብላ ጀመረች። «ሐኪሙ ዛሬን አያድርም አለኝ። ባሌን ና አብረን እንሂድ አልኩት። ይህችን ልጨርስ አለኝ።»

ምን ያለ ደሃ ጽሑፍ ነው ሊል የተዘጋጀው ከንፈሩ እንደተጣመመ ቀረ።

«የሚጽፈው ቀብር ላይ የሚነበበውን የአባቴን የሕይወት ታሪክ ነበር። አባቴ ገና ይተነፍስ ነበር። አባትሽ የተወለዱት መቼ ነው አለኝ። ሄደህ ራሱን ጠይቀው፣ አለ እኮ አልኩት። ሳቀ። ብቻዬን ሄድኩ። አባቴ ሁለት ጊዜ እሱ የት አለ ብሎ ጠየቀኝ። እየመጣ ነው አልኩት። ዋሽቼው ሞተ። ቀብሩ ላይ ሰው ሁሉ ምን ያለ ጽሑፍ ነው አለ። የጽናት ተምሳሌት፣ የደግነት ዋርካ ይላል። አባቴ ውሻ ይፈራ ነበር። ጢሙን ሲላጭ ያፏጭ ነበር። ያ የለበትም። ከዚያ ወዲህ ስለ አባቴ ከእሱ ጋር አውርቼ አላውቅም። አልጠየቀኝም።»

ነርሷ አፍንጫዋን ጠረገች።

«አያችሁ?» አለች መምህርቷ። «ጸሐፊው ራሱን በሚስቱ ዓይን ነው ያየው። በራሱ ላይ እንዲህ ለመጨከን ስንት ድፍረት ይጠይቃል!» ከዚያ ሌላውን ወረቀት በሁለት ጣቷ አነሣች። «በዚህኛው ግን ጀምበር ወጣች፤ ሌላ የሆነ ነገር የለም። አድጌያለሁ ይላሉ፤ እኔ ያየሁት ሲያንሱ ነው። ያንን የጻፈ ሰው ምን ነካው? ለሚቀጥለው ቅዳሜ አንድ ገጽ ጽፈው ያስረዱኝ። ያለዚያ አላሳልፍዎትም።»

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኼኔ ነው። የእኔ አይደለም ቢል አጭበርባሪ ነው፤ የእኔ ነው ቢል ደግሞ ምን እንደነካው መጻፍ አለበት። እስከ ኮሌጁ በር ድረስ ያሰበው የኃላፊነቱን ወንበር ነበር። ከበሩ ወዲያ ግን «እየመጣ ነው» የሚለው ቃል ያዘው፤ እስከ ቤቱም አልለቀቀው። አፈረ። አንድም ሰው ሳያየው፣ መንገድ ላይ፣ ብቻውን አፈረ።

ሚስቱ ጀርባዋን ሰጥታው እየሰፋች ነበር። «ምሳሌህ ሠራ?» አለችው።

«ተነበበ። ክፍሉ ሁሉ ሰማው።»

የስፌት መኪናው ቆመ። «ማንም አያነበውም ብለኸኝ ነበር እኮ።»

«ይህን ሁሉ ዓመት በሆድሽ ይዘሽው ነበር? ለምን አልነገርሽኝም?»

ዞራ አየችው። «ነገርኩህ እንጂ። እሑድ ዕለት። በገዛ እጅህ ጻፍከው፤ እኔም እዚሁ ቁጭ ብዬ የምትለኝን ጠበቅሁ።»

የሊቀ ብዕር እጅ፣ እንደ ልማዱ፣ ወደ ደረት ኪሱ ሄዶ ብዕሩን ያዘ። እሷ እጁን አየች።

«ጻፈው እንግዲህ» አለችው ወደ ስፌቷ እየተመለሰች። «ስትጨርስ እኔ እገለብጥልሃለሁ።»