ከእናቴ አንገት የወረደችው ፋውስቲና

የመንግሥት ሰዎች በእናቴ ጤፍ መሃል ቀይ የተቀባ ችካል ተክለው ሄዱ። የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ነው፣ ፎቅ ይሠራበታል አሉ። ኅዳር 2008፣ ሱሉልታ፤ ጤፉ ሊታጨድ ደርሷል።

የሰፈሩ ልጆች ድንጋይ ደርድረው መንገድ ሲዘጉ፣ እኔ ደጃፍ ተቀምጬ የእናቴን የአንገት ብር በስልክ ፎቶ አነሳለሁ። ጎረቤታችን ሊቤ በአጥሩ አየኝ።

«ያ ሞቲ፣ አንተ ደግሞ በሳንቲም ልትመልሳቸው ነው?»

አዎ፣ በሳንቲም። ብሯ ትንሽ ናት፤ ከማርትሬዛዎቹ መሃል የልጅ ጥርስ ትመስላለች። እናቴ ድንቅቱ ከተፍኪ ወደዚህ ስትዳር ከእናቷ የወረሰቻት ናት። ላይዋ የተቀረጸችውን ሴት ማርያም ናት ብላ ጠዋት ጠዋት ትስማታለች። እኔ በዙሪያዋ ያለውን ፊደል ኢንተርኔት ላይ ፈልጌ ደርሼበታለሁ፤ ፋውስቲና ትባላለች፣ የጥንት ሮም ንግሥት። በጀርባዋ የእህል አምላክ የሚሏት ሴት ዛላ ይዛ ቆማለች።

ከእርሻችን ተቆፍራ ወጣች ብንል፣ የጥንት ቦታ ነው ተብሎ ፎቅ አይሠራበትም ብዬ አሰብኩ። ለእናቴ ስነግራት ተቆጣች። ውሸት ባወራሁበት አፌ እንዴት እስማታለሁ አለች። ችካሉን አሳየኋት። ክሩን ከአንገቷ ፈታች።

ፎቶዋን የላክሁለት የቅርስ ባለሙያ መንገዱ የተከፈተ ዕለት መጣ። ብሯን ተቀብሎ ፊትና ጀርባዋን አገላብጦ አየ። የት እንደተገኘች ጠየቀኝ፤ ችካሉ አጠገብ ወስጄ አሳየሁት። ሜትር ዘርግቶ ለካ። ከዚያ እንደ ምሥራች ቦታው እንደሚታጠር ነገረን።

«ጤፉስ?» አልኩት።

«እሱማ ከእንግዲህ አይነካም። እርሻ የሚባል ነገር እዚህ ቀርቷል።»

አንዱ ለፎቅ ሊነቅለን ነው፣ አንዱ ለሞተች ንግሥት። በአጥሩ የሚያየን ሊቤ እንኳ አልሳቀም።

እናቴ በኦሮምኛ ልትናገረው ጀምራ ወደ አማርኛ ተመለሰች።

«ልጄ፣ ብሬን መልስልኝ። ከአንገቴ ነው የወረደችው፣ ከመሬት አይደለም።»

ዋሽታችሁኛል ማለት ነው ወይ ብሎ ባለሙያው ወደ እኔ ዞረ። መልሱን እሷ ሰጠችው።

«አዎ፣ ዋሽተናል። እኔ ባሌን ቀብሬ፣ ልጅ አሳድጌ፣ ይሄን ሁሉ ዘመን እዚህ ሳሳርስ አንድ ሰው መጥቶ አልጠየቀኝም። ይቺ የማላውቃት ሴት እዚህ ወድቃለች ሲሉህ ግን ሜትር ይዘህ መጣህ።»

ከእጁ ወስዳ ክሩ ላይ መለሰቻት። አልሳመቻትም። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ጤፉ ውስጥ ገባችና ችካሉን በሁለት እጇ ትነቀንቅ ጀመር።

ሊቤ አጥሩን ዘለለ። እኔም ስልኬን ኪሴ ከትቼ ገባሁ።