ስልሳ በመቶ

"ይኸው ደግሞ ቆመ!" አለች ሩባብ፤ ጠረጴዛውን በጡጫዋ መታች።

ስክሪኑ ላይ የክሪኬቷ ኳስ አየር ላይ ተንጠልጥላ ቀረች። ትንሽ ሄደች፣ ቆመች፣ ደግሞ ሄደች። አልጋው ላይ በትራስ ተደግፈው የተቀመጡት አባቷ ጆይስቲኩን በደህናው እጃቸው ገፉትና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

"አባዬ፣ አንዴ ብቻ ይታገሱኝ። አስተካክለዋለሁ።"

ስትሮክ ከመታቸው ሦስት ወር ሆኗል፤ ከዚያ ወዲህ አባቷ፣ ሰፈሩ ኡስታድ የሚላቸው ዛሚር፣ አንድ ቃል አልተነፈሱም፤ ቀኝ እጃቸውም ጭናቸው ላይ እንደ ሰው ዕቃ ተቀምጧል። ሐኪሙ እየጨመቁ እንዲለማመዱባት የሰጣቸውን የላስቲክ ኳስ በመስኮት ወርውረዋታል። "ራሳቸው ካልፈለጉ እጃቸው እንዲሁ ይቀራል" ብሏል ሐኪሙ። እኚህ ሰው ግን ሃያ ዓመት ሙልታን ከተማ ውስጥ ጌም ቤት የነበራቸው፣ በዚሁ የክሪኬት ጨዋታ የሰፈሩን ጎረምሳ ሁሉ ሲያስለቅሱ የኖሩ ናቸው። ስለዚህ ሩባብ ጨዋታውን ካረጀው ዲስካቸው ገለበጠችና ላፕቶፗን እንደ ድሮው የጌም ማሽን የሚያደርግ ፕሮግራም ጫነች። ትናንት ሙዚቃው ሲጀምር የቀኝ አውራ ጣታቸው ንቅንቅ ስትል በዓይኗ አይታለች። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የላትም።

ላፕቶፑ ግን ለቢሮ ደብዳቤ እንጂ ለጨዋታ አልተሠራም፤ የራሱ የግራፊክስ ካርድ የለውም። የምስሉን ጥራት እስከ መጨረሻው ዝቅ አደረገች። ጥላውን አጠፋች፣ ሣሩን አጠፋች። ሌላ ቅንብር ስትሞክር ተጫዋቾቹ ጭንቅላት አልባ ሆነው ብቅ አሉ፤ ደንግጣ መለሰችው። ባትሪው ከሞተ ቆይቷል፤ መብራት ደግሞ በየቀኑ አስር ሰዓት ላይ ይሄዳል። አሁን ዘጠኝ ተኩል ነው።

"ለአምስት ደቂቃ ይጋልባል፣ ከዚያ ይሞታል። ለምን?" አለች ለራሷ።

"ደክሞት ይሆናላ" አሉ እናቷ ናሲም፣ የምስር ሳህን ይዘው በሩ ላይ ቆመው። "አንቺስ ምሳ ሳትበዪ ልትውዪ ነው?"

"እማዬ፣ ተይኝ እስቲ!"

"ተይኝ ትላለች! እኔ ባላለብሰው ኖሮ ይሄንን ዕቃሽን እስካሁን አቧራ በልቶት ነበር።"

ሩባብ እጇን ከላፕቶፑ ስር ሰደደች፤ ወዲያው አነሳች። ይፋጃል። ናሲም ቤቱ ውስጥ ያላለበሱት ዕቃ የለም፤ ፍሪጁ፣ ልብስ ማጠቢያው፣ ሪሞቱ ሳይቀር። ላፕቶፑም ከሥርና ከጎን በላስቲክ የሚያዝ ባለ ጥልፍ ልብስ አለው፤ ሲሠራበት እንኳ አይወልቅም። በዚህ ቤት ዕቃ ራቁቱን አይውልም፣ ይህንንም ልብ ያለ ሰው አልነበረም።

"አንቺ ነሽ ያፈንሽው!"

"ምኑን?"

"መተንፈሻው ከሥር ነው! ሲግል ራሱን ለማብረድ ይንቀረፈፋል። ሁለት ቀን ሙሉ ጥፋቱን ጨዋታው ላይ ስፈልግ!"

ላስቲኩን ስባ አወለቀችው።

"ቀስ! ስድስት ሳምንት የጠለፍኩት ነው!" አሉ ናሲም።

ላፕቶፑን በሁለት የተደፉ ኩባያዎች ላይ አስቀመጠችው። ሲቀዘቅዝ ስክሪኑ ጥግ ላይ የሚታየው የጨዋታው ፍጥነት ቁጥር መቶ በመቶ ላይ ወጥቶ እዚያው ረጋ። የአባቷን ቀኝ አውራ ጣት አንስታ ቁልፉ ላይ አሳረፈችው።

ኳሷ ተወረወረች። መቺው ሊጠብቃቸው የሚገባው፣ ከኋላው የቆሙት ሦስት እንጨቶች ተበተኑ። ጣታቸው ቁልፉን የተጫነችው ከዚያ በኋላ ነው። ደግመው ሞከሩ፤ ተበተኑ። በሦስተኛው ሙከራ ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ ጣታቸውም ከቁልፉ ላይ ተንሸራታ ወረደች።

የሩባብ ልብ ስብር አለ። ያን ሁሉ የለፋችው አባቷ ሲሸነፉ ለማየት ኖሯል። ለአስር ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነው። ቅንብሩን ከፈተችና ፍጥነቱን በገዛ እጇ ወደ ስልሳ በመቶ አወረደችው። አሁን መቆራረጥ የለም፤ ሁሉ ነገር እኩል ዝግ አለ።

"አንዴ ብቻ፣ አባዬ። ለእኔ ሲሉ።"

ኳሷ እየተዝናናች መጣች። ጣቲቱ ተጫነች። ዱላው ኳሷን አገኛትና እስከ ሜዳው ዳር ሰደዳት።

"እሰይ!" አሉ ናሲም።

ዛሚር ግን አልተደሰቱም። ስክሪኑን አዩ፣ ሩባብን አዩ። ከንፈራቸው ሲታገል ቆየ።

"አ… አጭ… በርባሪ።"

"ምን አሉ?" ናሲም ሹክ አሉ።

"አጭበርባሪ አሉኝ!" ሩባብ እየሳቀች አለቀሰች። በሕይወቷ እንዲህ የሚጥም ስድብ አልሰማችም። "እውነትዎን ነው፣ ቀንሼዋለሁ። ወደ መቶ ልመልሰው?"

ዛሚር ጆይስቲኩን በሁለት እጃቸው፣ ቀኙ ዘግየት ብሎ፣ ወደ ደረታቸው ሳቡትና ራሳቸውን በእምቢታ ነቀነቁ።

"ነ… ገ።"

አስር ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። በጠፋው ስክሪን ፊት ጣታቸው ቁልፉን መጫን አልተወችም። ናሲም ጥልፉን ከወለሉ አንስተው ልጃቸውን አዩ።

"አሁንማ ይልበስ" አለች ሩባብ። "ሲሠራ ብቻ ነው የሚያወልቀው።"

እስክሪብቶ ፈልጋ ወደ ግድግዳው የቀን መቁጠሪያ ሄደች። በዛሬው ቀን ላይ ስልሳ ብላ ጻፈች። ትንሽ አሰበችና፣ መቶው በአንዴ እንዳይከብዳቸው፣ በነገው ላይ አንድ ብቻ ጨምራ ስልሳ አንድ አለች፤ አባቷ ከአልጋቸው ሆነው እንዲያነቡትም ደጋግማ አደመቀችው።