የውቢት ጣት

ውቢት «አየር አጠረኝ» ማለት ከጀመረች ሦስት ቀን አለፋት። ባሏ ዘርይሁን ሦስቱንም ቀን የሰጣት መልስ አንድ ነበር። የልብስ መቆንጠጫ የምታህል መሣሪያ ከኪሱ ያወጣና ጣቷ ላይ ይሰካታል። መሣሪያዋ በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ለክታ ቀይ ቁጥር ታበራለች፤ እሱም መነጽሩን ዝቅ አድርጎ ያነባል።

«ዘጠና አምስት። ደህና ነሽ፤ ትኩስ ነገር ጠጪ።»

«የማልተነፍሰው እኮ እኔ ነኝ፣ ዘሩ።»

«ቁጥሩ ይኸው! ከቁጥር ጋር ልትከራከሪ ነው?»

በዘርይሁን ቤት ከቁጥር ጋር መከራከር ነውር ነው። በወጣትነቱ ደሴ ፊዚክስ ሲያስተምር የዓመቱን የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜ የሚከፍተው በሦስት ሳፋ ውሃ ነበር፤ አንዱ ቀዝቃዛ፣ አንዱ ሙቅ፣ አንዱ ለብ ያለ። አንዱን ተማሪ አስነስቶ ግራ እጁን ከቀዝቃዛው፣ ቀኝ እጁን ከሙቁ ያስነክረዋል። ቆየት ብሎ ሁለቱንም እጆቹን ለብ ወዳለው ያዛውረዋል። ያው አንዱ ውሃ ለግራው ሙቅ፣ ለቀኙ ቀዝቃዛ ይሆንበታል። ክፍሉ ሲስቅ ዘርይሁን ቴርሞሜትሩን ከፍ አድርጎ ያሳያል።

«አያችሁ? ገላችሁ ይዋሻል፤ ይህ ግን አይዋሽም። ምዕራባውያን ዓይናቸው ፀሐይ በምድር ዙሪያ ስትዞር ያይ ነበር፤ ቄሱም ንጉሡም እንደዚያው ይሉ ነበር። አንድ ቀን ዓይናቸውን ትተው መለካት ጀመሩ፤ ዓለም ተገለበጠ። ከዚያ ወዲህ ጥያቄው ‹ማን አለ› መሆኑ ቀርቶ ‹ስንት ሆነ› ሆነ።»

ተሰዶ ቶሮንቶ ሲገባ ፊዚክሱን የጠየቀው ሰው አልነበረም። እዚያው ስካርቦሮ ውስጥ አንድ የመኪና ብሎን ፋብሪካ ተቀጥሮ ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ብሎን ሲለካ ኖረ። ጠዋት ጠዋት ግን ሥራ ከመጀመሩ በፊት መለኪያውን ልኳ በታወቀ አንዲት የብረት ቁራጭ ላይ ያመሳክር ነበር። ሳያመሳክር አንድም ብሎን አይነካም። አለቃው ቢቆጣ፣ ማሽኑ ቢቆም ደንታ አልነበረውም።

በአራተኛው ቀን ከቀትር በኋላ ልጃቸው ፅዮን ከሌላው የቶሮንቶ ክፍል፣ ከኖርዝ ዮርክ መጣች። ከበሩ ሳትገባ እናቷን አይታ ጮኸች።

«ኦ ማይ ጋድ! ዳዲ፣ ሺ ካንት ብሪዝ! ለምን ኮል አላደረግከኝም?»

«ዘጠና አምስት ነው እኮ…»

«አይ ዶንት ኬር!»

በመኪናዋ ጭና ሆስፒታል ወሰደቻቸው። ድንገተኛ ክፍል ደርሰው ተራ ከያዙ በኋላ ልጆቿን ከትምህርት ቤት ልታመጣ ተመልሳ ሄደች። ሽማግሌና አሮጊት ከፕላስቲክ ወንበር ላይ ቀሩ።

መመዝገቢያው ጋ ነርሷ ውቢትን «ዛሬ እንዴት ነዎት?» ስትላት ውቢት ምን ብትል ጥሩ ነው? በዚያች ባጠረች ትንፋሿ «ፋይን፣ ታንክ ጋድ» አለቻት!  እንዴት ነህ የተባለ የአገሯ ሰው፣ ነፍሱ ልትወጣ ብትደርስ እንኳ፣ መጀመሪያ ያመሰግናል፤ ነርሷ ይህን በየት በኩል ታውቀዋለች? እሷም የውቢትን ጣት በመሣሪያ ቆንጥጣ ለካች፤ ዘጠና አራት። «ጥሩ ነው፤ ሲጠሩ ይገባሉ» ብላ የሚቀጥለውን ጠራች።

ያን ጊዜ ዘርይሁን ደስ አለው። በኋላ ይህን ባሰበ ቁጥር መሬት ብትውጠው ይመርጣል፤ ግን ደስ አለው። «አላልኩሽም?» አላት።

ውቢት ቀና ብላ አየችውና ዓይኗን መለሰች።

ሰዓቱ መንጎድ ጀመረ። እጁ የተሰበረው ገባ፣ ሆዱን የታመመው ገባ፣ ከነሱ በኋላ የመጣው ሁሉ ገባ። የውቢትን ስም የሚጠራ ግን ጠፋ። አራት ሰዓት ሙሉ ከተቀመጡ በኋላ ውቢት ነጠላዋን ወደ አፏ ሰብስባ መጸለይ ጀመረች።

«አባታችን ሆይ…» አለችና ቆመች። ትከሻዋ ወደ ላይ ተሳበ፤ አንገቷ ሥር ጎድጎድ አለ። «በሰማያት… የምትኖር…» ደግሞ ቆመች።

ዘርይሁን ጆሮው ቆመ። ይህችን ጸሎት ውቢት ቤቷ ስትደግም በአንድ ትንፋሽ ነው የምታደርሳት። «ቀስ በይ እንጂ፣ እሱም ይስማ» እያለ ሲያሾፍባት አርባ ዓመት አልፏል። አሁን ግን ሁለት ቃል፣ ትንፋሽ፤ አንድ ቃል፣ ትንፋሽ። ሳያስበው መቁጠር ጀመረ። ጨርሳ «አሜን» እስክትል ሃያ ስድስት ጊዜ ቆመች።

መሣሪያውን አውጥቶ በራሱ ጣት ሰካው፤ ዘጠና ሰባት። በሷ ጣት ሰካው፤ ዘጠና አምስት። እሱ ጤነኛው፣ እሷ ከንፈሯ የገረጣው፣ በሁለት ቁጥር ብቻ ተለያዩ? እንዲህ ያለ ብሎን ፋብሪካው ውስጥ ቢያገኝ ኖሮ መጀመሪያ የሚጠረጥረው መለኪያውን ነበር! ያቺ የብረት ቁራጭ ትዝ አለችው። ይህችን መቆንጠጫ በምን ላይ አመሳከራት? በምንም። ከፋርማሲ ገዝቶ፣ ማሸጊያዋን ቀዶ አመናት።

ተነስቶ ወደ መመዝገቢያው መስኮት ሄደ።

«ሚስቴ መተንፈስ አልቻለችም።»

ነርሷ ኮምፒውተሩን አየች እንጂ ውቢትን አላየችም። «ጌታዬ፣ ቁጥሯ ጥሩ ነው። እባክዎ ይቀመጡ።»

ሦስት ቀን ሙሉ የተናገራት የራሱ ቃል ነች። ከሰው አፍ ስትመጣ ግን ደሙ ፈላ።

«ቁጥሩን ተይው! ሴትየዋን እያት!»

«ድምፅዎን ይቀንሱ።»

«አልቀንስም! አልቀመጥምም!»

ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። ጥበቃው ከበሩ ተነሳ። በዚያ የምታልፍ አንዲት ወጣት ሐኪም ጩኸቱን ሰምታ ጠጋ አለች። ዘርይሁን መቆንጠጫዋን ፊቷ ላይ ዘረጋት፤ በዚያ ከመጽሐፍ በተማረው እንግሊዝኛውም ጠየቃት።

«ይህ መሣሪያ በማን ጣት ነው የተመሳከረው?»

ሐኪሟ መቆንጠጫዋን አየች፤ የዘርይሁንን እጅ አየች፤ ከዚያ ወደ ውቢት ሄዳ ፊት ለፊቷ ቁጭ አለች። የውቢትን ትከሻ ሲወጣና ሲወርድ ተመለከተች። ተነስታ ተሽከርካሪ ወንበር አስመጣች።

ከእጇ አንጓ ላይ ደም ቀድተው መረመሩት። ኦክስጅኑ ሰማንያ አምስት ብቻ።

«ሁለቱንም ሳንባዋን የሳንባ ምች ይዞታል» አለች ሐኪሟ። «መሣሪያው በቆዳ ውስጥ በሚያልፍ ብርሃን ነው የሚለካው፤ ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ አንዳንዴ አብዝቶ ያነባል። ብዙ ዘመን የተሞከረው በአብዛኛው ቆዳቸው በነጣ ሰዎች ላይ ነው። የታወቀ ችግር ነው።»

«የታወቀ?» አለ ዘርይሁን። «ከታወቀ ታዲያ ስንት ሰዓት አስቀመጣችሁን?»

ሐኪሟ ፊቷ ቀላ። «ልክ ነዎት» አለች። ዘርይሁን ብዙ ሊናገር አፉን ከፈተ፤ አራት ሰዓት እነሱ፣ ሦስት ቀን እሱ መሆኑ ትዝ ሲለው ዘጋው።

በማግስቱ ጠዋት ውቢት አፍንጫዋ ላይ የኦክስጅን ቱቦ ተደርጎላት ደገፍ ብላለች። ሌላ ነርስ ገብታ ጣቷን ቆነጠጠችና «ዘጠና ስምንት! በጣም ቆንጆ!» ብላ ወጣች። ዘርይሁን ቁጥሩን ላለማየት ፊቱን አዙሮ ነበር። ነርሷ ስትወጣ ወንበሩን ወደ አልጋው ሳበ።

«ውቢትዬ፣ እንዴት ነሽ? አየሩ ይበቃሻል?»

ውቢት መቆንጠጫው እንዳለባት እጇን ወደሱ ዘረጋች።

«እኔን ምን ትጠይቀኛለህ?» አለችው። «ጣቴን ጠይቃት።»

ዘርይሁን የተዘረጋውን እጇን ያዘና፣ ወንበሩን ይበልጥ አስጠግቶ፣ እሷኑ እንደገና ጠየቃት።