የቁልፍ ሠሪው ጭረት

አሥራ ሁለቱ የሕዝብ ዳኞች የተቆለፈባቸው ክፍል መስኮቱ አይከፈትም፤ ሙቀቱ ያንቃል። አሥራ አንዱ «ጥፋተኛ ነው» ብለው እጃቸውን አውጥተዋል። የቀረው ቁልፍ ሠሪው ብቻ ነው።

«ወንድሜ፣ ምን ነካህ?» አለ ባለታክሲው። «በሩ አልተሰበረ፣ ቁልፉ አንድ፣ እሱም የተገኘው ከልጁ ኪስ። ታዲያ አክስቱን ማን ገደላት? መንፈስ?»

ሳቁ። ወጣቱ ከተፈረደበት የሚጠብቀው ገመድ ነው፤ እነሱ ግን ሳቁ፣ ሆድ ይፍጀው።

ቁልፍ ሠሪው አልሳቀም። ቁልፉን በእጁ ለማየት ጠይቋል። ጥያቄው ጠዋት በችሎት ሲነበብ ሁሉም ሰምቷል፤ የሟቿ ወንድምም ጭምር፣ ያ በየቀኑ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ መሐረቡን በእንባ የሚያርሰው ሰውዬ። ቁልፍ ሠሪው ሳምንቱን ሙሉ «ይህን ሰው የት ነው የማውቀው?» እያለ ራሱን ሲያስጨንቅ ነበር።

ጥበቃው ቁልፉን በላስቲክ ከረጢት አመጣለት። ገልብጦ አየው። ከቁልፉ ራስ ሥር በሞረድ የተፋቀች ትንሽ ጭረት አለች። እሱው ራሱ፣ ጉራው አላስችል ብሎት፣ በሚሠራው ቅጂ ሁሉ ላይ የሚያኖራት ምልክት ናት። እንግዲህ ይሄ ቅጂው ነው፤ ዋናው ሌላ ሰው ጋ አለ። ያሠራው ሰውም ትዝ አለው፤ ያ የሟቿ ወንድም ነው። ባለፈው ዓመት ሱቁ መጥቶ «ቶሎ በልልኝ» እያለ ሲያጣድፈው መሐረብ አልያዘም ነበር። የማን ቤት ቁልፍ እንደሆነም አልጠየቀውም፤ ሞኝ!

«እትዬ» አለ ሰብሳቢዋን፣ ጡረታ የወጡትን ርዕሰ መምህርት፤ «አንድ ነገር ልናገር።»

በሩ ተንኳኳ። ጥበቃው ነው።

«ቁልፍ ጥለዋል መሰለኝ፣ ጌታዬ። አንድ ደግ ሰው መግቢያው ላይ አገኘሁት፣ የቁልፍ ሠሪው ነው ብሎ ሰጠኝ። አሁንም እንባውን እየጠረገ ነው፣ ምስኪን።»

ቁልፍ ሠሪው ተቀበለው። የቤቱ ቁልፍ ነው፤ ጥርሶቹን ዓይኑን ጨፍኖም ያውቃቸዋል። ኪሱን ዳበሰ። የራሱ ቁልፍ እዚያው አለ። በእጁ የያዘው ገና ከማሽን የወጣ ነው፤ ጠርዙ ይቧጭራል፣ ጭረትም የለበትም። ሚስቱ በዚህ ሰዓት ሥራ ቦታ ናት። ሴት ልጁ ግን ከትምህርት ቤት ተመልሳ ቤት ውስጥ ብቻዋን ናት። ጠዋት ሲወጣ «ስትገቢ ቆልፊ፣ ለማንም እንዳትከፍቺ» ብሏታል።

«ምን ሊሉ ነበር?» አሉ ሰብሳቢዋ።

«ምንም» አለ።

«እንግዲያው ለመጨረሻ ጊዜ። ጥፋተኛ ነው የምትሉ?»

አሥራ አንድ እጅ ወጣ። ትንሽ ቆይቶ አሥራ ሁለተኛው ወጣ፣ ቁልፉን እንደጨበጠ።

ባለታክሲው ትከሻውን ቸብ ቸብ አደረገው። «ጎበዝ! አሁን ሁላችንም በሰላም ቤታችን እንገባለን።»