የብረት ጋጣና የገለባ ጋጣ

ቀረብ በሉ፣ የትዋበችን ነገር ላውጋችሁ። እስራኤል አገር፣ አሽቀሎን ከተማ ከገባች ሁለተኛ ዓመቷ ነበር። ሚግዳል በሚባለው ሰፈር፣ ከገበያው ጀርባ፣ ከእናቷ ከእማማ ማሬ ጋር ትኖራለች። ሆዷ ገፍቶ ወሯ ገብቷል። ሥራዋ ደግሞ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ አሳማ የሚያጠኑበት ቦታ ወለል ማጠብ ነው። አሳማዎቹ ከአሸዋው ከፍ ባለ የእንጨት ርብራብ ላይ ይኖራሉ። የባሕሩ ነፋስ ሲመጣ ርብራቡ ሲጥ ሲጥ ይላል፤ ያን ጊዜ ትዋበች መጥረጊያዋን ተደግፋ ትቆማለች፣ ቤቱ ከነአሳማው በውኃ ላይ የሚሄድ ይመስላታል።

ስትመለስ እማማ ማሬ ከደረጃው ሥር ውኃ ይዘው ይጠብቃሉ።

«ታጠቢ! ያንን ጉድ ይዘሽብኝ እንዳትገቢ።»

«በጓንት ነው የምነካው፣ እማዬ።»

«ጓንቱንስ ማን አጠበው?»

ትዋበችን የሚያስጨንቃት ግን ምጡ ነበር። የበኩር ልጇን የወለደችው ጎንደር፣ ከመንደሩ ራቅ ባለች የአራስ ጎጆ ውስጥ፣ ሣር ላይ ተንበርክካ፣ ከጣሪያው የወረደ ገመድ ይዛ ነው። እዚህ ቤት ኾሊም በሚሉት ሆስፒታል ውስጥ ግን በጀርባ አስተኝተው ሆድን የልጁን ልብ ትርታ በሚያዳምጥ ቀበቶ እንደሚያስሩ ጎረቤቷ ደስታ ነግራታለች። ዓይኗን በከደነች ቁጥር ያ አልጋ ይመጣባታል። እዚያ ላይ ልጄ አይወጣልኝም ብላ ፈራች።

አንድ ጠዋት ሁለት እናት አሳማዎች ምጥ ያዛቸው። አንዷ ገለባ በተነጠፈበት ሰፊ ጋጣ ውስጥ ናት፤ በአፏ እየሰበሰበች፣ በአፍንጫዋ እየቆለለች መኝታዋን ታበጃለች። ሌላዋ መዞር በማያስችል ጠባብ የብረት ጋጣ ውስጥ ናት። እሷም ታበጃለች፣ ምኑን ታብጀው እንጂ። ባዶ ብረት በእግሯ ትጭራለች፣ የሌለ ሣር በአፏ ታነሳለች። ትዋበች ዓይኗን መንቀል አቃታት።

ዶክተር ሃጋር፣ የጥናቱ ኃላፊ፣ ለአሳማዎቹ የሚያኝኩት ጥጥ ሰጥታ ምራቃቸውን ትወስድ ነበር።

«ከምራቃቸው የጭንቀት ሆርሞን እንለካለን» አለቻት። «ኮርቲዞል ይባላል። መዞር ስትከለከል፣ መኝታዋን ማሰናዳት ስትከለከል ከፍ ይላል። ምጡም ሊጓተት ይችላል።»

«ሰውስ?»

ሃጋር ሳቀች። ከዚያ የትዋበችን ሆድ አየችና ሳቋን ተወች። «ሆርሞኑ ያው ነው። ሰው ግን ለክቼ አላውቅም።»

የትዋበች ምጥ ዓርብ ከሰዓት በኋላ መጣ፤ ሆስፒታል ገባች። አልጋውም ቀበቶውም ደስታ እንዳለችው ነው። ትዋበች ጭጋግ ውስጥ እንዳለች ሆና ጣሪያውን ስታይ ቆየች። ቁልቁል ብትመለከት ጣቶቿ አንሶላውን ይጭራሉ። ባዶውን! እግሯን ወደ መሬት ሰደደች።

«ወዴት ነው? ተመለሺ!» አለች አዋላጇ።

ዕብራይስጧ ከአፏ ጠፋ። «ኮርቲዞል» አለች።

«ምን?»

«አልጋ፣ ብዙ ኮርቲዞል። መሬት፣ ትንሽ!»

አዋላጇ በሳቅ ፈረሰች። «እሺ፣ ዶክተር!» ብላ ቀበቶውን ፈታች፣ የልጁን ልብ በእጅ መሣሪያ አዳመጠች፣ ወለሉ ላይ ብርድ ልብስ አነጠፈች።

እማማ ማሬ ደጃፍ ላይ ቆመዋል። ደፉን አላለፉም። በቤተ እስራኤል ወግ ወላድን የነካች ትረክሳለች፤ ረክሳ ደግሞ ዓርብ ፀሐይ ስትጠልቅ ለሚገባው ሰንበት ጸሎት ከሰው አትቀላቀልም። እሳቸው አንድም ሰንበት አጉድለው አያውቁም።

ትዋበች ተንበርክካ እጇን ዘረጋች። «እማዬ፣ የምይዘው የለኝም።»

እማማ ማሬ ደፉን አዩት። ጫማቸውን አወለቁ፣ ገቡም።

«ሰንበትስ?» አለች ትዋበች ትንፋሿ እየተቆራረጠ።

«ባሕር የሚያህል ውኃ አጠገባችን አለ፤ የመንጻታችን ቀን ሲደርስ አብረን እንታጠባለን። ያዥኝ።»

አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። እማማ ማሬም ወገቧን አቅፈው፣ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው ወዲያና ወዲህ ያወዛውዟት ጀመር።

«ዙሪ፣ ልጄ፣ እንዳሻሽ ዙሪ» አሏት በጆሮዋ።

ዞረች፣ ተንበረከከች፣ ደግሞ ዞረች። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሴት ልጅ፣ እርጥብና ሙቅ፣ በአያቷ እጅ ላይ ወረደች።