ስለ መንገደኞች

ባሕር ዳር፣ ከለቅሶው ድንኳን ጥግ፣ በአንድ አግዳሚ ላይ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አንዱ የሟቹ ወንድም አምሐ ነው፤ የፋብሪካ ሹም፣ ለለቅሶ እንኳ ከረባቱን ያላላላ። ሌላው ከቻግኒ በጭነት መኪና ተሳፍሮ የመጣው አዘዘ ነው፤ መጥረቢያ ባጠነከረው እጁ ንፍሮውን እፍኝ ሙሉ ይዘግናል።

«ወንድሜ ያንን የሱዳን መንገድ በቅየሳ መነጽር ነው ያወጣው» አለ አምሐ።

«እውነት ነው» አለ አዘዘ፤ «እኔ ከፊት ቀርከሃ ስመነጥር፣ ጋሽ አምባቸው ከኋላ በመነጽሩ የጀርባዬን ላብ እያዩ ይቀይሳሉ።»

ለቀስተኛው በነጠላው አፉን ሸፍኖ ሳቀ። የብርጓልም ባሏን አምባቸውን ከቀበረች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። አምባቸው ወደ ሱዳን ጠረፍ የሚወርደውን የመጀመሪያ የመኪና መንገድ ሲቀይስ ከርሞ ሲመለስ የጫካ ማር ያመጣላት ነበር። የወንድሟን የሣህሉን ወሬ ያመጣላትም ከዚያው ነው። ሣህሉ በቀይ ሽብር ከካድሬዎች ሸሽቶ ከመንገድ ሠራተኞቹ ሰፈር ተጠግቶ ነበር። «ተሻግሯል፤ ሱዳን ገብቷል» አላት አምባቸው። ስለዚህ አላለቀሰችም። በየእሁዱ ቄሱ ስለ መንገደኞች ሲጸልዩ የሣህሉን ስም ታስጠራለች፤ አምባቸውም አጠገቧ ቆሞ «አሜን» ይላል።

አዘዘ ሊሰናበት ቀርቦ አጎነበሰላት።

«እግዚአብሔር ያጽናዎት፣ እትዬ የብርጓል። ወንድምዎንም ቢሆን ሜዳ ላይ አልተውሁትም። ከድልድዩ በላይ፣ ከዋርካው ሥር ቀብሬ ድንጋይ ከምሬበታለሁ።»

«የማንን ወንድም?»

ሰውየው ክው አለ። «ጋሽ አምባቸው እኮ... እህቱ ሰምታ አልቅሳለች አሉኝ።»

«ማን ገደለው?»

አዘዘ አምሐን አየ፤ መሬቱን አየ። «ነዳጅ ተከልክለን ዶዘሩ ቆሞ ነበር። ካድሬዎቹ ጋሽ አምባቸውን ልጁን ስጠን አሏቸው። በሰጡ ማግሥት ነዳጁ መጣ።»

«ኧረ ተው፣ ይህ የለቅሶ ቤት ወሬ ነው?» አለ አምሐ።

የብርጓል አልሰማችውም። በጆሮዋ ያለው የእሁዱ «አሜን» ነበር። ከሐይቁ የመጣው ነፋስ ድንኳኑን ያርገበግባል።

አመሻሹ ላይ ቤተ ዘመዱ ስለ ተዝካሩ ሊመክር ተሰበሰበ። አምሐ ጠላው የት እንደሚጠመቅ መናገር ሲጀምር የብርጓል ተነሣች። ወገቧን የታጠቀችበትን ነጠላ ፈታች፤ አራግፋ እንደገና አጥብቃ ታጠቀችው።

«የአምባቸውን ወንድሙ ይደግስ» አለች። «እኔ ነገ ከአዘዘ ጋር በዚያው መንገድ ወርጄ የሣህሉን አጽም አመጣለሁ። በአርባው ፍትሐት የማስፈታው ለእሱ ነው። ለቄሱም ንገሩልኝ፤ ከእንግዲህ መንገደኛ የለኝም።»